ለትልቁ ስንቸኩል ትንሹ እንዳያመልጠን

ቤተሰብና ጤና

ዛሬ የማወጋችሁ ከነገሌ ቦረና ይዤ ስለተመለስኩት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ አንዱን ትዳር ግን ለሁለት ወር ያህል አኳርፎት ነበር።

ከባለቤቴ ጋር ወደ ነገሌ የሄድነው ለባለትዳሮች ትምህርት ለመስጠት ነው። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲቀመጥ አንድ ወንድም ብቻውን መጥቶ ነበር። ሲጠየቅ፣ «ባለቤቴ አራስ ናት፤ ማታ ቤታችን መጥታችሁ ብትጸልዩልን ደስ ይለናል» አለን። እኛም እሺ ብለን ሄድን። ገንፎው ቀረበ። አኮ፣ ማለትም የባልየው እናት፣ አሥር ቀን የሆነውን ሕፃን ቅቤ ቀብተው ጭናቸው ላይ አስተኝተውታል። ስምንት ዓመት የሚሆነው የበኩር ልጅ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዞ ገባ። ቤቱ ይሞቃል፤ ልጁ ግን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ ድረስ አጥልቋል።

እኔም ሳላስብ፣ «ልጄ፣ ቆብህን አውልቀው እንጂ፣ አልሞቀህም?» አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ማስታጠቢያውን አስቀምጦ ወጣ። አባትየው አንገቱን ደፍቶ፣ «እህቴ፣ የጠራንዎትም ለዚሁ ነበር» አለኝ።

ልጁ ጆሮዎቹ ወደ ጎን ዘርጋ ብለው የወጡ ናቸው። በትምህርት ቤት ስሙን የሚጠራው የለም፤ የሚጠሩት «ዲሽ» እያሉ ነው። አባትየው በልጅነቱ የደረሰበት ይኸው ነበር። «እኔን ‹ጆሮ› ነበር የሚሉኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ፊት ወንበር ተቀምጬ አላውቅም፤ ከኋላዬ ሰው እንዲኖር አልፈልግም ነበር» አለ። ስለዚህ ቆርጦ ተነስቷል። በገጠር አባቱ ዘንድ ከቀሩት ሦስት ላሞች አንዷን ሸጦ፣ ልጁን አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስቀድደው ነው።

ሦስት ላም ስላችሁ ምን ማለት እንደሆነ የቆላው ሰው ያውቀዋል። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንቡ ወይም እጅግ አንሰው ሲያልፉ፣ በቦረናና በአካባቢው ቆላ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ብዙ ሰው መንጋውን በሙሉ አጥቷል። ለተረፈለት ሰው አንዲት ላም ማለት የልጆች ወተት፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ፣ ነገ እንደገና ለመቆም የቀረች ተስፋ ናት።

ሚስት በበኩሏ አልስማማ አለች። «እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ የሠራውን እኛ ማን ነን የምናስተካክለው?» ትላለች። ትንሽ ስንጨዋወት ግን ሌላው ፍርሃቷ ወጣ፤ «ደግሞ አስተኝተውት ባይነሳስ?»

ነገሩ በዚህ ላይ ቆሞ ሳለ እኔ ለብዙ ዓመታት ነርስ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና ሕፃኑን ላየው ጠየቅኩ። አኮ ሻሹን ገለጥ አደረጉልኝ። የእርሱም ጆሮዎች እንደ ወንድሙ ናቸው! አኮ ሳቅ ብለው፣ «ይኼም የአባቱን ይዞ መጥቷል» አሉ። አባትየውም፣ «እሱ ገና ሕፃን ነው፤ ሲያድግ እናየዋለን» አለ።

ነገሩ ተገልብጦ እንደተያዘ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጊዜ ላለው ለትልቁ ልጅ ይቻኮላሉ፤ ጊዜ ለሌለው ለትንሹ ግን ይደርሳል ይላሉ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደረጃ በደረጃ ላስረዳችሁ።

ጆሮ ለምን ወደ ጎን ይወጣል?

የውጭው ጆሯችን በቆዳ የተሸፈነ፣ ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ አጥንት ነው። ጣታችሁን በጆሯችሁ የላይኛው ክፍል ላይ ብታሳልፉ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ ሌላ ከፍ ያለ እጥፋት ታገኛላችሁ። ጆሮን ወደ ራስ ቅል የሚያስጠጋው ይህ እጥፋት ነው። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ እጥፋቱ በሚገባ ሳይታጠፍ ከቀረ፣ ወይም የጆሮው መካከለኛ ጎድጓዳ ክፍል ከመጠን በላይ ከጠለቀ ጆሮው ወደ ጎን ይገፋል። በብዙዎች ላይ ሁለቱም በአንድነት ይታያሉ። ሐኪሞች በአብዛኛው የጆሮው ጠርዝ ከራስ ቅል ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲርቅ ጎልቶ የወጣ ጆሮ ይሉታል።

ይህ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ነው። እናቲቱ ስለተኛችበት ጎን፣ ልጁ ጆሮው ስለተጎተተ ወይም ስለ እርግማን የሚመጣ አይደለም። መስማትንም አይቀንስም። ስለዚህ «ጆሮው ካልተስተካከለ ይደነቁራል» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

ሁለት ነገሮችን ግን ከዚህ ለዩልኝ። አንደኛ፣ ሕፃኑ ሲወለድ ጆሮው እጅግ ትንሽ ከሆነ፣ ከፊሉ ከጎደለ ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ ያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ደህና የነበረ ጆሮ በድንገት ወደ ፊትና ወደ ጎን ከተገፋ፣ ከጆሮው ኋላ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳትና ሕመም ካለው፣ ምናልባትም ጆሮው መግል ሲፈስሰው ከቆየ፣ ይህ የጆሮ ኢንፌክሽን ከጆሮ ኋላ ወዳለው አጥንት መዛመቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለሕፃኑ፦ ያለ ቢላ የሚስተካከልበት አጭር ጊዜ

አዲስ የተወለደ ሕፃን ጆሮ እንደ ልብ ይታጠፋል። ምክንያቱም ኤስትሮጅን የተባለው የእናት ሆርሞን በሕፃኑ ደም ውስጥ ገና ስላለ ካርቲሌጁን ያለሰልሰዋል። ይህ ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በስድስት ሳምንት ገደማ ዝቅ ይላል። ካርቲሌጁም በዚያው መጠን እየጠነከረ ይሄዳል።

የጃፓን ሐኪሞች በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ይህን ተመልክተው፣ የአራስ ሕፃን ጆሮ በለስላሳ ድጋፍ ለተወሰነ ጊዜ ተይዞ ቢቆይ ቅርጹን ይዞ እንደሚቀር አሳዩ። ዛሬ በብዙ አገሮች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በሌለበት ሐኪሞች ለሕፃናት መመገቢያ በሚያገለግል ቀጭን ቱቦ ውስጥ ለስላሳ ሽቦ አስገብተው፣ በጆሮው እጥፋት ልክ አጉብጠው፣ ቆዳ በማይጎዳ ፕላስተር ያስሩታል። ድጋፉ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ በየጊዜው እየታየ ይቀየራል። ሕመም የለውም፣ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ሊደርስ የሚችለው ችግር በአብዛኛው የቆዳ መቅላት፣ መላላጥ ወይም መቁሰል ነው። ስለዚህ ክትትሉ ወሳኝ ነው።

ውጤቱ የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ሲጀመር ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ውጤቱም ይቀንሳል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ተስፋው እጅግ አነስተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጠርዙ የተጣጠፈ ጆሮ በዚህ ዘዴ በቀላሉ ይመለሳል፤ ጎድጓዳው ጠልቆ ወደ ጎን የወጣ ጆሮ ግን ያን ያህል አይታዘዝም። ቢሆንም ሙከራው ሳይቆረጥና ሳይሰፋ የሚደረግ ስለሆነ መጠየቁ አይጎዳም።

በአገራችን ይህ በየጤና ተቋሙ የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ ልጅ ስትወልዱ ጆሮው ወደ ጎን የወጣ መስሎ ከታያችሁ አራስነቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ከመውለጃው ክፍል ሳትወጡ ወይም ለመጀመሪያው ክትባትና ምርመራ ስትሄዱ ሐኪሙን ጠይቁት። በከተማችሁ የሚሠራው ባይኖር እንኳ የሕፃናት ወይም የአንገት በላይ ስፔሻሊስት በስልክ ማማከር ይችላል።

አደራ የምላችሁ ግን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት ነው። በጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ ተራ ፕላስተር መለጠፍ፣ ሙጫ መቀባት የሕፃኑን ስስ ቆዳ ያቆስላል፤ የደም ዝውውርንም ያግዳል። ለአኮም በአክብሮት የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ቅቤ ቀብቶ ማሸቱ ፍቅር ነው፤ የጆሮን እጥፋት ግን አይሠራም። ቅቤ ወደ ጆሮ ቀዳዳም ሆነ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ ደግሞ መጠንቀቅ ያሻል።

ለትልቁ፦ ቀዶ ሕክምናው ምን ይመስላል?

ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ካርቲሌጅ ጠንክሯል። በዚህ ዕድሜ ሌሊት ሌሊት ማሰር፣ ቆብ ማጥበቅ፣ በጎን ማስተኛት ቅርጹን አይለውጠውም። ቅርጹን የሚለውጠው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ስሙም ኦቶፕላስቲ ይባላል።

ታሪኩ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ኢሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ጽፎ ያቀረበው በእኩዮቹ ስለሚቀለድበት አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ የነገሌው ልጅ ጉዳት አዲስ አይደለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጃክ ሙስታርዴ የተባለ የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ካርቲሌጁን ሳይቆርጡ በስፌት አጥፎ መያዝ የሚቻልበትን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኚህ ሰው በስተርጅና ዘመናቸው በጋና፣ በአክራው ኮርሌ ቡ ሆስፒታል፣ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናና የቃጠሎ ማዕከል እንዲቋቋም የደከሙ ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ከጆሮው ኋላ ነው። ቆዳው ይከፈታል፣ የጎደለው እጥፋት በስፌት ይሠራል፣ የጠለቀውም ጎድጓዳ ወደ ራስ ቅል ይጠጋል። ለሁለቱም ጆሮዎች ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትንንሽ ልጆች ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ይተኛሉ። ረጋ ያሉ ትልልቅ ልጆችና አዋቂዎች ግን አካባቢውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነቅተው ሊሠራላቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ ራስ በፋሻ ለአንድ ሳምንት ገደማ ይታሰራል፤ ቀጥሎም ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ ጆሮን የሚሸፍን ማሰሪያ ይደረጋል። ኳስ መጫወትና መታገል ለጊዜው ይቆማል።

ዕድሜውስ? በ6 ዓመት አካባቢ ጆሮ የአዋቂን መጠን ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ5 ዓመት ወዲህ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ግን በአሥርም፣ በአሥራ አምስትም፣ በሠላሳም ዓመት መሥራት ይቻላል። በሩ የሚዘጋበት ቀን የለም። «ለትልቁ ጊዜ አለው» ያልኩት ስለዚህ ነው።

ጉዳቱንም ሳንደብቅ እንናገር። ደም ከቆዳው ሥር ሊቋጥር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ ጆሮ ላይ እየባሰ የሚሄድ ከባድ ሕመም የዚህ ምልክት ስለሆነ ወዲያው ወደ ሐኪሙ መመለስ ያሻል። ኢንፌክሽን ሊፈጠር ይችላል። ጆሮው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ሁለቱ ጆሮዎች ፍጹም እኩል ላይሆኑ፣ አንዳንዴም ስፌቱ ለቅቆ ጆሮው በከፊል ሊመለስ ይችላል። የሙሉ ማደንዘዣ አደጋ በጤነኛ ልጅና በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጨርሶ የለም ግን አይባልም። የእናቲቱን ፍርሃት «እምነት የጎደለው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ለማደንዘዣ ባለሙያው የሚቀርብ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በላይ እኛን ጥቁሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ኬሎይድ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እያበጠ፣ ከቁስሉ ወሰን እያለፈ፣ እንደ እብጠት ጠንክሮ ይወጣል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ጆሮ ደግሞ ከሚወድዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። ይህን ስናገር ሚስት ዝም ብላ ሻሿን ገለጥ አድርጋ የግራ ጆሮዋን አሳየችኝ። ለጉትቻ ከተበሳች በኋላ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠባሳ አብጦባታል። ባልየው ለአሥር ዓመት ያህል ሲያየው ኖሯል፤ ከልጁ ጆሮ ጋር ግን አገናኝቶት አያውቅም።

ይህ ማለት ልጁ የግድ ኬሎይድ ይወጣበታል ማለት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው አይሆንም ማለትም አይደለም። ለቀዶ ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ነገር ነው ማለት ነው። ኬሎይድ በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ የመባባስ ጠባይ ስላለው፣ መቼ ቢሠራ ይሻላል የሚለውንም ከሐኪሙ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ምክር ለመስማት መቸኮል ጥሩ ነው፤ ለመቀደድ መቸኮል ግን አያስፈልግም።

የት? በምን አቅም?

ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞያሌ፣ ከፊልቱ ወይም ከዶሎ ኦዶ የሚነሳ ሰው ከዚህም ይርቃል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ሆስፒታል ታይታችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ። ቀጥሎም የምትሄዱበት ሆስፒታል ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ እንዳለውና ወረፋው ምን ያህል እንደሚረዝም በስልክ ጠይቁ። በአዲስ አበባ በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታልና ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት መጠየቅ ካለባቸው ተቋማት መካከል ናቸው።

ወጪውን ስታሰሉ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። የመጓጓዣ፣ የማደሪያ፣ ፋሻው እስኪፈታ በከተማው የምትቆዩበት፣ ሱቁ የሚዘጋበት ቀን ሁሉ ወጪ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆንም ለመልክ ማስተካከያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን እንደማይሸፍን አስቀድማችሁ እወቁ። «ልዩ ዘዴ አለኝ» ለሚል ሰው ልጃችሁን አትስጡ፤ የተበላሸ የጆሮ ካርቲሌጅን መልሶ መጠገን ከመጀመሪያው ሥራ እጅግ ይከብዳልና።

ሦስተኛው ምርጫ፦ መተው፣ ግን በሥራ

ብዙ ሰው ምርጫው ሁለት ይመስለዋል፤ ማስቀደድ ወይም ዝም ማለት። ዝም ማለትና መተው ግን አንድ አይደሉም። ጆሮውን እንዳለ መተው ሙሉ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን በልጁ ልብ ላይ የሚሠራ ሥራ ይጠይቃል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ስለ እኛ የሚባለውን እኛ አንሰማም ለማለት ነው። ልጆች ግን ይሰማሉ! ቅጽል ስሙን በየቀኑ ፊት ለፊት ይሰሙታል። ስለዚህ አንደኛ፣ ወላጆች ትምህርት ቤት ሄደው መምህሩን ያነጋግሩ፤ ልጁ በስሙ ብቻ እንዲጠራ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት በመልክ መቀለድ ይቁም። እኛ አማኞች አንዳችን ሌላውን «አጭሩ»፣ «ጥርሶ» እያልን በፍቅር የቀለድን ይመስለናል፤ ልጆቻችን የሚማሩት ከእኛ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ለቀልድ የሚመልሰው አጭር መልስ ይኑረው፤ ጓደኛ የሚያፈራበትም ሥራ ይስጡት፤ ኳስ፣ መዝሙር፣ ሥዕል። ጠጉርን ማሳደግ፣ ለሴት ልጆች ሹሩባውን ጆሮ ላይ ዝቅ አድርጎ መሠራትም ብዙዎችን ረድቷል። ይህ ሁሉ እየተደረገም ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ከጠላ፣ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰ፣ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ቅንጦት ሊባል አይገባውም።

ማስተካከል ኃጢአት ነውን?

የሚስትየውን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። እግዚአብሔር ልጁን ያውቀዋል፣ ይወደዋልም፤ ይህ ከጆሮው ጋር የሚለዋወጥ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ነቢዩ በቁመናው የማረከውን የእሴይን የበኩር ልጅ አይቶ እንዴት እንደተሳሳተ እናውቃለን። ሰው በመልኩ አይመዘንም። በሌላ በኩል ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ሲሰፋለት እልል እንላለን እንጂ «የተፈጠረበትን ለምን ለወጣችሁ?» አንልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ጌታ በተያዘባት ሌሊት እንኳ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ እንደፈወሰ ተጽፏል። ስለዚህ ጥያቄው «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብቻ አይደለም። «ይህን የምናደርገው ለማን ብለን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ይበልጣል። ማስተካከልም አለማስተካከልም በእምነት ሊደረግ ይችላል፤ ሁለቱም በፍርሃት ወይም በሰው ዓይን ሊደረጉም ይችላሉ።

ባልና ሚስት አብረው የሚጠይቁት

ለሁለቱ የሰጠኋቸውን ጥያቄዎች ለእናንተም ላካፍላችሁ። ቁጭ ብላችሁ፣ አንዳችሁ ስትናገሩ ሌላችሁ ሳታቋርጡ ተነጋገሩባቸው።

1. የሚያመኝ የልጄ ጆሮ ነው ወይስ የራሴ የልጅነት ቁስል?

2. «አይሆንም» የምለው እምነቴ ስለሆነ ነው ወይስ ስለፈራሁ? የፈራሁትን ለሐኪም ጠይቄ አውቃለሁ?

3. በቤተሰባችን ኬሎይድ ያለው፣ በማደንዘዣ የተቸገረ፣ ቁስል ቶሎ የማይድንለት ወይም ደም የማይቆምለት ሰው አለ?

4. ገንዘቡ ከየት ይወጣል? ከዚያ የተነሳ ሌሎቹ ልጆች ምን ያጣሉ?

5. ልጁ ራሱ ምን ይላል?

አምስተኛውን ጥያቄ ሳነብ ሁለቱ ተያዩ። ለሁለት ወር ስለ ልጁ ጆሮ ሲጨቃጨቁ ልጁን የጠየቀው አልነበረም። አባትየው ጠራው። ልጁ ቆቡን እንዳደረገ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። አባትየው ነገሩን በለሰለሰ ቃል አስረድቶ፣ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለው። ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «አባዬ፣ ላሟን አትሽጣት። ዲሽ እንዳይሉኝ ብቻ መምህሩን ንገርልኝ» አለ።

አባትየው የዚያን ጊዜ አለቀሰ። ከዚያም ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በልጅነቱ ምን ይሉት እንደነበረና ከኋላ ወንበር ለምን እንደሚቀመጥ ነገረው። ልጁ አባቱም እንደዚያ ይባል እንደነበር አያውቅም ነበር። በጥያቄ ዓይን የአባቱን ጆሮ ሲያይ ቆይቶ ፈገግ አለ። ሚስትም እያየችው ባሏን፣ «ይህን ለእኔም ነግረኸኝ አታውቅም» አለችው።

ከዚያስ ምን ሆነ?

በማግስቱ ሕፃኑ በከተማው ወዳለ ሐኪም ተወሰደ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነግሯቸው፣ ለአንድ ስፔሻሊስት ጓደኛው ደውሎ እየተማከረ ድጋፉን ሠራለት፤ በየሦስት ቀኑም እያየ ቀየረው። አንድ ጊዜ ቆዳው ስለቀላ ለሁለት ቀን ፈትተው መልሰውታል። ከአምስት ሳምንት በኋላ በስልክ ስንነጋገር፣ የቀኝ ጆሮው በደንብ እንደገባ፣ የግራው ግን ትንሽ ብቻ እንደተሻሻለ ነገሩኝ። ፍጹም አይደለም፤ ሳይቆረጥ፣ ላምም ሳይሸጥ የተገኘ ነው።

ትልቁ ልጅ አልተቀደደም። አባትየው ትምህርት ቤት ሄዶ መምህሩን አነጋግሯል፤ ክፍሉ ውስጥ ቅጽል ስም መጥራት ተከልክሏል። ውጭ ላይ አልፎ አልፎ አሁንም «ዲሽ» ይሉታል። ወላጆቹ ግን ተስማምተዋል፤ ለሌላ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ልጁን ይዘው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ያሳያሉ፣ የእናቲቱንም ጠባሳ አሳይተው ምክሩን ይሰማሉ፤ ከዚያም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ ልጁ ራሱ «እፈልጋለሁ» ካለ ያን ጊዜ ያሠሩታል።

በቆላው ከብት የማን እንደሆነ በጆሮው ምልክት ይለያል። ያ ልጅም ጆሮው የአባቱ ነው። አሁን ያፍርበት እንደሆነ፣ ወይም አንድ ቀን ያስተካክለው እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው። እኔ ደስ ያለኝ ግን በመጨረሻው ስልክ አኮ የነገሩኝ ነገር ነው፤ ቆቡን አሁን የሚያደርገው ጠዋት ሲበርደው ብቻ ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉት። ተነጋገሩ፣ ሐኪም ጠይቁ፣ ልጁንም ስሙት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ።